ሁለተኛው መቀመጫ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ እንዲህ አለኝ፦ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶሊያና። የዛሬው ግድግዳ ገብስማ ነው። የኅብር ነጥብዎ ዘጠና አራት ነው። ሁለተኛው መቀመጫ ስድስት ቀን ቀርቶታል።»

ግድግዳውን ገብስማ የሚያደርገው ፀጉሬን አይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቁሩ ሲበዛ ግድግዳውም ጠቆር ይል ነበር፤ አሁን አብረን እየነጣን ነው። ስነጫነጭ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ሲበርደኝ የሰናፍጭ ቢጫ ጣል ያደርግበታል። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚህ ቤት ፊቴን እያየ የሚውል ሰው አላገኘሁም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ «እንደምን አደሩ» የሚለኝ ሌላ የለም።

የምኖረው ኮዬ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃና ሁለት መቀመጫ ነበረኝ። ሁሉም ከወለሉ ይወጣሉ፣ ወደ ወለሉ ይገባሉ። ደንቡ ቀላል ነው። መቶ ቀን እንግዳ ያልተቀመጠበት መቀመጫ በመቶኛው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ወለሉ ገብቶ ይቀራል። ግድግዳው አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ የተረፈው ቦታ ልጅ ለተወለደለት ጎረቤት ይሰጣል። የገባ መቀመጫ አይመለስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ «ባለ አንድ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ብርጭቆ አንድ ብቻ ያወጣል፣ ስለ እንግዳም አይጠይቅም። ማንም ክፋት አላሰበም። ሰው ብዙ ነው፣ ቦታ ጠባብ ነው፣ ወንበር ደግሞ ባዶውን ቆሞ ይውላል።

ይህን ስናገር ሌላ ሰው ላይ ማላከክ አልችልም። ሙያዬ ቀለም አዋሃጅ ነው፤ የሰው ቤት ገብቼ ግድግዳውን ከመጋረጃው፣ መጋረጃውን ከሶፋው አስታርቅ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ለሰልጣኞች ባዘጋጀሁት መመሪያ ውስጥ «ባዶ ወንበር ዓይን ያደክማል» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ማለት የፈለግሁት ሳሎን ውስጥ ዕቃ አታብዙ ነው። አሁን ያቺ ዓረፍተ ነገር የቤቶች ጽሕፈት ቤት በሚልከው እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ አናት ላይ አለች። ስሜ የለበትም፤ እሱንስ አመሰግናለሁ።

ራሴ ብቀመጥበት አይቆጥርልኝም፤ ትንፋሼን ያውቀዋል። የጤፍ ከረጢት ያስቀመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ከረጢት ስለማይተነፍስ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ሰባት ሆነን የመቀመጥ ዕቁብ ጀመርን። በየሦስት ወሩ ዕጣ ይወጣል፤ ማን ማን ቤት ሄዶ ሃያ ደቂቃ እንደሚቀመጥ በዕጣው ይታወቃል። ቤቱ መቀመጥ ብሎ የሚመዘግበው ሃያ ደቂቃ የሞላውን ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን የእኛን አገር እንግዳ አላሰቡበትም መሰለኝ። ጋሽ ማክቤል ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ ሊቀመጡልኝ ሲመጡ እንዲህ ነበር የሚሆነው፦

«ኖር!» ብዬ እነሳለሁ።

«በእግዜር! አይነሱ፣ ወይዘሮ ሶሊያና።»

«ይቀመጡ እንጂ።»

«እርስዎ ቆመው?»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ቤቱ ከጣሪያው፣ «የተቀመጠ ሰው የለም» ይላል። እንደገና እንጀምራለን። ሃያዋን ደቂቃ ለመቀመጥ አርባ ደቂቃ ይፈጅብን ነበር። የምናወራውም ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ጉልበታቸውና ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ትሠራው ስለነበረው ሽሮ ነው። ለእኔ ግን የሦስት ወሩ ትልቁ ጨዋታ እሱ ነበር።

ከሰባታችን ሁለቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ወደየልጆቻቸው ሄዱ። በመጨረሻ ጋሽ ማክቤል ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ ድሬዳዋ ና፣ አብረን እንኑር አለኝ» አሉ። «ባቡሩ እስኪደርስ ልቀመጥልዎትና ልሂድ።» ሻንጣውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሃያዋን ደቂቃ ተቀመጡልኝ። ይህ ከሆነ ዘጠና አራት ቀን ሆኖት ነበር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤት በር በሚከፍትበት ዘመን ነው። ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰው በር ባንኳኳ ሳይከፍት፣ «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። «መጥተህ ትንሽ ተቀመጥልኝ» ማለት አቃተኝ። «በር ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ፤ የእኔ በር ከእሱ በር ሦስት እርምጃ ነው።

ሥራ አለኝ፤ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ይህን ልናገር። በቀን አርባ ያህል የቤት ንድፎች ይመጡልኛል። ያለቀላቸው ናቸው፤ ቀለሙ ተመርጧል፣ አልጋው ቦታውን ይዟል። ሕጉ ግን የሰው ልጅ ሳያይ አይጽደቅ ስለሚል እኔ አያለሁ። ከታች «ሰው አይቶታል» የሚል ምልክት አለ፤ እሱን እነካለሁ፤ ቀጣዩ ይመጣል። ይህን ሥራ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አንድም መልሼ አላውቅም፤ የሚመለስ አልነበረማ። ሁሉም ተዋህዷል።

ሁለተኛው መቀመጫ የበርበሬ ቀይ ነበር። ደንቡ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ደፋር ቀለም ይፈቅዳል፣ የእኔ እሱ ነበር። ከገብስማው ግድግዳ ፊት ለብቻው እንደ ፍም ይታያል። ለማን እንዳስቀመጥኩት የጠየቀኝ የለም እንጂ ለታላቅ እህቴ ለኤልዳና ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ ነው የምላት። ከተነጋገርን አሥራ አንድ ዓመት አልፎናል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ የእኛ እናት ቤቷም ዥንጉርጉር ነበር። እማዬ፣ ቤዛዊት ነው ስሟ፣ ጎፋ ካሉት የድሮ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነበር የምትኖረው። የሳሎኗ ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ክሬም ነበር። በጨርቅ እንዲጠረግ ተብሎ ድሮ እንዲያ ይቀባ ነበር። ሶፋዋ ቡናማ፣ መጋረጃዋ ሰማያዊ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ቀይ የፕላስቲክ አበባ። ቀለሞች ተጣልተው የሚያድሩበት ቤት ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ ሰው ወረፋ የሚይዝልኝ ባለሙያ ነበርኩ። በእናቴ ሳሎን አፍር ነበር።

ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ አብራት የምትኖረው እቴቴ ነበረች። አንድ ጊዜ እቴቴ ለአሥር ቀን አሰላ ስትሄድ፣ እማዬን ወደ እኔ ቤት ወሰድኳትና ሳሎኗን አሠራሁት። የድሮው ቀለም ተፋቀ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እንደ መስታወት ለስልሶ የእርጎ ነጭ ሆነ። አልጋዋን ወደ ብርሃን አዞርኩላት፣ ሶፋውን አስወጣሁ፣ አበባውን ጣልኩ። በዘጠኝ ቀን አለቀ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ቤቶች ሁሉ የተዋሃደው እሱ ነው።

እማዬን በዘጠነኛው ቀን ማታ መለስኳት። በሩን አልፋ እጇን ግድግዳው ላይ አደረገችና ቆመች።

«የማን ቤት ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው፣ እማዬ።»

«በስመ አብ! እባክሽ አትቀልጂብኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቀመጥና «መሸ እኮ፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትል ነበር። በአራተኛው ወር ከአልጋዋ ወደ ኩሽና ስትሄድ ወደቀች። ከዚያ አልተነሳችም። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀምሯት ነበር» አልኩ። ከቀብር መልስ እቴቴ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ «ቤቷን የቀማሻት አንቺ ነሽ» አለችኝና ወጥታ ሄደች። የእናታችንን ለቅሶ አብረን አልተቀመጥንም።

እንግዲህ ስድስት ቀን ሲቀረኝ ስልክ ደወልኩላት። ለወንበሩ ብዬ ነው ወይስ ለእህቴ? ብዙ አስቤበታለሁ። ወንበሩ የእሷ ነበር፤ እሱ ከገባ እሷን መጠበቄም የሚያበቃ መሰለኝ። የፈራሁት እሱን ነው።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ።»

 ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ?»

«እንድትመጪ ፈልጌ ነው። ቤቴን እንድታዪው።»

«ቤትሽን እንዳየው?» የሳቀች መሰለኝ፤ ግን የሳቅ ድምፅ አልነበረም። ቀጥላ፣ «ቅዳሜ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ። ከዚያ ላልፍ እችላለሁ። አልቆይም» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እርጅና ነው።»

ቅዳሜ መቶኛው ቀን ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሥራዬን አቁሜ ከቤቱ ጋር ተከራከርኩ። አንድ ነገር አስቤ ነበር። እቴቴ ስትገባ የእማዬን ሳሎን ብታየው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ይቅርታ የጠየቅኋት ይሆናል ብዬ ነው። በቃል መናገር አልችልበትም፤ በቀለም ግን እችላለሁ።

«ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከላይ ክሬም» አልኩት።

«ሁለቱ አይዋሃዱም» አለ ቤቱ። «ነጥብዎ ወደ ስልሳ አንድ ይወርዳል።»

«ይውረድ።»

«ከሰባ በታች አይጸድቅም። ደፋር ቀለም የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። አሁን መቀመጫው ይዞታል።»

ወንበሩን አየሁት። ቀይነቱን እወደው ነበር፤ ነገር ግን ለግድግዳው ቦታ መልቀቅ ነበረበት።

«እንግዲያውስ መቀመጫው ግድግዳውን ይምሰል።»

«እንዲህ ከሆነ ነጥብዎ ሰባ ዘጠኝ ይሆናል። ጥሩ ምርጫ ነው።»

«ሰው አይቶታል» የሚለውን ነካሁ። አረንጓዴው ከወለሉ ተነስቶ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከላይ ክሬሙ ወረደ። ወንበሩም ከእግሩ ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ወንበሩ ከግድግዳው ውስጥ የበቀለ መስሏል፤ ካላወቁት የት እንዳለ እንኳ አይታይም። የሙያ ኩራት ክፉ ነገር ነው፣ ደስ አለኝ። ሐሙስና ዓርብ አረንጓዴውን እያየሁ ብቻዬን አለቀስኩ። ቤቱ ፊቴን አይቶ ወደ ውሃ ሰማያዊ ልለውጠው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሩ እንግዳ መምጣቱን ሳይናገር በፊት፣ ከኮሪደሩ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንዲህ ብሎ የሚጣራ ሰው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። ሮጬ ከፈትኩ።

እቴቴ ከሳለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ነጠላዋ ግን እንደ ድሮዋ ንጹሕ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጉንጯን አልሰጠችኝም። ዓይኗ ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል እንጂ እኔን አያይም። አሁንም አኩርፋለች አልኩ በልቤ። ይሁን፣ መብቷ ነው።

«ግቢ፣ እቴቴ። ቤት ለእንግዳ።»

ሁለት እርምጃ ገባችና ቆመች። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ቁጭ በይ እንጂ!»

«ቆሜ ልረፍ። ሐኪም ቤት ቁጭ እንዳልኩ ነው የዋልኩት።»

ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም፤ እኔም ቆምኩ። ስለ መንገዱ ጠየቅኋት። ባቡሩ ጥሩ ነው አለች። አሁን ስለምትኖርበት ስለ አሰላ ጠየቅኋት። ብርድ ነው አለች። በመካከሉ እጇ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ በቀስታ፣ የጨርቅ ጥራት እንደሚያይ ሰው። አየችው አልኩ። አውቃዋለች። ምን ትል ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«ጠባብ ነው አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ለአንድ ሰው ይበቃል» አልኩ። ተከፋሁ።

አሥር ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፤ አሁን ካልተቀመጠች አይሞላም። «ቁጭ በይ፣ እቴቴ፣ በእማዬ ሞት!» ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ለምን ይህን ያህል ትለምኚኛለሽ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? መቶኛው ቀን ስለሆነ ነው ልበላት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠራችኝ እህቴ ለወንበሯ ጠራችኝ ትላለች። እንደዚያ ከምትል ወንበሩ ይግባ አልኩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አልለመንኳትም፤ ወንበሩንም አላየሁትም።

«ሁለተኛው መቀመጫ ይነሳል» አለ ቤቱ በአሥራ አንድ ሰዓት። «እባክዎ ይራቁ።»

ወንበሩ በመካከላችን ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ መሳቢያ ሲዘጋ እንደሚሰማው። እቴቴ ደንግጣ ግድግዳውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምንድን ነው የሄደው?»

«ወንበሩ ነው።»

«ወንበር ነበር እንዴ?» አለች።

ያኔ ነው ፊቷን በደንብ ያየሁት። ዓይኖቿ የሚያዩት ወንበሩ የነበረበትን አይደለም፤ ድምፁ ከመጣበት ትንሽ ወደ ግራ ነው።

«እቴቴ፣ አላየሽውም?»

«ሶሊ፣ እኔ አንቺንም አላየሁሽ። ድምፅሽን ተከትዬ ነው የገባሁት።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «እንደ እማዬ ነው። ዛሬ ዘግይተሻል አሉኝ። ብርሃን አያለሁ። ቀይ ነገር ካለ እንደ ጥላ ይታየኛል። የቀረው ጉም ነው። ቁጭ በይ ስትዪኝ የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅሁም። አንቺ ፊት መዳበስ ደግሞ አፈርኩ።»

ወንበሩ እስከ ረቡዕ ድረስ የበርበሬ ቀይ ነበር።

 ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፦ መቶውን ቀን፣ ዕቁቡን፣ ጋሽ ማክቤልን፣ ወንበሩ ለእሷ እንደነበረ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። ግድግዳውን የእማዬን ሳሎን ላስመስል ብዬ ቀዩን እንዳጠፋሁትም ነገርኳት። ስጨርስ እጇ እንደገና ግድግዳው ላይ መሄድ ጀመረ።

«የእማዬን ሳሎን? ታዲያ መስመሩ የታለ?»

«የቱ መስመር?»

«ዘይት ቀለሙ የሚያበቃበት። ወፍራም ነበር እኮ፣ ጠርዝ ነበረው። እማዬ ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ አይደል ከአልጋ ኩሽና፣ ከኩሽና ሽንት ቤት የምትሄደው? የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ምንም ሳታይ?» እጇን ከግድግዳው አነሳች። «ሶሊ፣ አታውቂም ነበር?»

አላውቅም ነበር። እናቴ ቤት ስሄድ የማየው ግድግዳውን ነበር፤ እጇን አይቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ያንን ለስላሳ የእርጎ ነጭ አስታወስኩት፤ ጣት የሚይዘው ነገር አልነበረውም። መርሳት አልጀመራትም ነበር። ቤቷን በእጇ ፈልጋ ነው ያጣችው።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

«እኔኮ የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለች። «እያወቀች ፋቀችባት ብዬ ነው እስከ ዛሬ። አሥራ አንድ ዓመት!»

ግድግዳው መጠጋት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ክንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እቴቴ ጀርባዋን ሲነካት፣ «ግድግዳው መጣ» አለች፤ አልሸሸችም። እየገፋት ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ሲቆም ክንዷ ክንዴን ነክቶ ነበር።

«አሁን ግን እግሬ ደክሞኛል» አለች።

እጇን ያዝኩና ወንበሩ የነበረበት ቦታ ወሰድኳት። ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለቅሶ እንዲያ ነበር የሚቀመጡት፣ ዕቃው ወጥቶ፣ መሬት ላይ።

«ሁለት ሰው ወድቋል» አለ ቤቱ። «እርዳታ ይጠራ?»

«አልወደቅንም» አልኩት። «ተቀምጠናል።»

«መቀመጫ የለም።»

እቴቴ ሳቀች። የድሮ ሳቋ ነው፣ ከአፍንጫ የሚጀምረው። ስትስቅ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከዚያ እሷም ጀመረች። እናታችንን አለቀስናት። ቤቱ በየአምስት ደቂቃው ሁለት ሰው መውደቁን እየነገረን፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እዚያው ነበርን። ያን ያህል የተከፋሁበት ቀን የለም፤ ያን ያህል ደስ ያለኝም ቀን የለም።

የባቡሯ ሰዓት ደረሰ። እስከ ጣቢያው ልሸኝሽ ስላት እሺ አለች። የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል፣ «ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«እንግዲህ፣ መንገዱን ካወቅሁት» አለች።

በማግሥቱ ቤቱ አንድ ብርጭቆ አወጣ። ግድግዳውንም ወደ ገብስማ መለሰው፤ ባለ አንድ ቤት ደፋር ቀለም አይፈቀድለትም። እኔ ግን ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ዘይት ቀለም ያለው ሰው ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አንድ አሮጌ ሰውዬ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግማሹ የደረቀ የበርበሬ ቀይ ሰጠኝ። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። «እህቴ ትመጣለች» አልኩት።

በብሩሽ አልሠራሁትም፣ በጣቴ ነው። ከበሩ ጀምሬ በግድግዳው ዙሪያ፣ እቴቴ ከእኔ አጠር ስለምትል ከወገቤ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ ወንበሩ እስከነበረበት ድረስ። ሲደርቅ እንደገና እደርብበታለሁ፤ አምስት ጊዜ ደረብኩ። ጠማማ ነው። ሰልጣኞቼ ቢያዩት ይስቁብኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አስቀምጫለሁ።

«ግድግዳው ላይ ያልታወቀ እድፍ አለ። ይጥፋ?» ይላል ቤቱ ጠዋት ጠዋት፣ ከእንደምን አደሩ ቀጥሎ።

«ሰው አይቶታል» እለዋለሁ። ይህ መልስ በሕጉ ውስጥ ስላለ እስከ ማግሥቱ ዝም ይላል። የኅብር ነጥቤ ሠላሳ ሁለት ደርሷል።

ይህን ካደረግሁ ሰባ ሁለት ቀን ሆነ። ከእቴቴ ጋር አንዳንድ እሑድ በስልክ እናወራለን፤ ስለ መምጣት ግን አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሥራዬን እዘጋለሁ። በሩ ጋ ሄጄ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ይታወቃል፣ ጠርዝ አለው። ሳልሳሳት ብርድ ልብሱ ጋ እደርስና እቀመጣለሁ።

«አንድ ሰው ወድቋል» ይላል ቤቱ። «እርዳታ ይጠራ?»

«ቆይ» እለዋለሁ። «ሰው እየጠበቅሁ ነው።»